የአባቴን ፒፓ ከንፈር አቃጠልኩት፤ ክብሪት ወይስ ላይተር?

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ባለፈው እሑድ የአባቴን ፒፓ ከንፈር፣ ትምባሆው የሚጠቀጠቅበትን አፍ ዳር፣ አቃጠልኩት። ፒፓዋ በዕድሜ ትበልጠኛለች። አባቴ ማታ ማታ በረንዳ ላይ ወንበሩን አውጥቶ፣ ሬዲዮኑን ዝቅ አድርጎ ከፍቶ፣ እሷን ይዞ ነበር የሚያመሸው። የሚለኩሳት በክብሪት ብቻ ነው። የተቃጠሉትን ስንጥሮች በአንድ የማርማላታ ቆርቆሮ ያጠራቅማቸው ነበር፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። እኔ ግን ወንድሜ ከቨርጂኒያ ባመጣልኝ ጀት ላይተር ለኮስኳት። ሦስት አፍ አለው፤ ሲነኩት እንደ ብየዳ ሽው ይላል። ትምባሆው ገና ሳይያያዝ የፒፓዋ አፍ ዳር ጠቆረ። አሁን የትንሽ ጣቴን ጥፍር የምታህል ጠባሳ አለባት።

ይህ ሳያንስ ላይተሩ ራሱ አዲስ አበባ ላይ ኮራ። ወንድሜ ለራሱ የገዛው ተመሳሳይ እዚያ አንዴ ሲነኩት ይበራ ነበር፤ የእኔው እዚህ አምስቴ ጠቅ ተደርጎ አንዴ ቢበራ ነው። ተራው የሱቅ ላይተርም አልሆነኝም፤ ወደ ፒፓዋ አፍ ዘንበል ሳደርገው እሳቱ ሽቅብ ወጥቶ አውራ ጣቴን ይልሰዋል።

ስለዚህ እኔ ወደ ክብሪት ማዘንበል ጀምሬያለሁ። ችግሩ የዛሬ ክብሪት ነው። ከአንድ ቀፎ ሩቡ ሲጫር ይሰበራል፣ አንዳንዱ ራሱ ተፈናጥሮ ሸሚዝ ይበሳል። ለፒፓ ምን ትጠቀማላችሁ? ለሲጋርስ? (ሲጋር ነው ያልኩት፣ ወፍራሙ የትምባሆ ቅጠል ጥቅል፤ ሲጋራ አይደለም።) ማጨስ እንደማይጠቅም አውቃለሁ፤ ምክሩን ለሌላ ክር (ለሌላ የመድረኩ ውይይት) አቆዩልኝ።

ክሩ በሁለት ሳምንት ስለረዘመ፣ ዘግይታችሁ ለምትመጡ መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ አፍ አስቀምጫቸዋለሁ። የተሰረዙትን ሁለት ስድቦች ትቻቸዋለሁ።

መልስ 1። በጨዋነት የከፈቱት አንድ አዛውንት ናቸው፤ አርባ ዓመት ፒፓ ይዘዋል። ጥፋቱ ከላይተሩ ይልቅ የእኔ ችኮላ ነው አሉኝ። ክብሪት ሲጫር መጀመሪያ የሚንቦገቦገው የራሱ መድኃኒት ስለሆነ ያ እስኪያልፍና እንጨቱ ራሱ በቢጫ እሳት እስኪነድ መጠበቅ አለበት። ያን ሳይጠብቅ የሳበ ሰው የመጀመሪያ ጉርሻው የድኝ ሽታ ነው። ቀጥሎ እሳቱን ከትምባሆው በላይ በክብ እያዞሩ ቀስ ብሎ መሳብ። ትምባሆው ያብጣል፣ ይነሳል፤ በመጠቅጠቂያ ሳይጫኑ ቀስ ብሎ መደልደልና እንደገና መለኮስ። የፊተኛው እሳት የውሸት ነው፣ እውነተኛው ሁለተኛው ነው ብለዋል። እኔ በአንድ እሳት ልጨርስ ነበር የሮጥኩት። አባቴ ሁልጊዜ ሁለት ክብሪት የሚጭረው ክብሪቱ ስለሚጠፋበት ይመስለኝ ነበር።

መልስ 2። ከአሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግ የጻፈ ሰው ለላይተር ጥብቅና ቆመ። ሲጀምር፣ ጀት ለፒፓ አይሆንም፤ እሳቱ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ስለሆነ የትኛውንም እንጨት ያከስላል። ለፒፓ የሚፈለገው ለስላሳ፣ እንደ ሻማ የሚወዛወዝ እሳት ነው። እሱ ዚፖ የሚባለውን ባለ ክዳን የቤንዚን ላይተር ነው የሚይዘው፣ ያውም ለፒፓ የተሠራውን። በተራው ዚፖ ላይ በሚነደው የላይተሩ ክር ዙሪያ ያለው የንፋስ መከለያ ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉት፤ በፒፓው ግን ጎንና ጎኑ ላይ አንድ ትልቅ ክብ ቀዳዳ ተበስቷል። መከለያውን ከፒፓው አፍ ላይ ገጥመህ ስትስብ እሳቱ በቀዳዳው አልፎ ወደ ታች ይሳባል፤ ጣትህንም አይነካም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ1932 ጀምሮ ፔንሲልቬንያ፣ ብራድፎርድ ከተማ እንዳለና የተበላሸውን ሁሉ ያለ ክፍያ እንደሚጠግን ጨምሯል። የእሱ ሁለት ጊዜ ሄዶ ተመልሷል።

መልስ 3። አንድ መስመር ነች። በዚፖ የተለኮሰ ፒፓ የመጀመሪያ ሦስት ጉርሻው ጋራዥ ጋራዥ ይላል ትላለች። የሲልቨር ስፕሪንጉ ሰው ክዳኑን ከፍቶ አንድ ሁለት ሰከንድ ካስነደዱት ሽታው ይቀንሳል ብሎ ተከራከረ። ያም ሆኖ ቤንዚኑ ባይጠቀሙበትም ስለሚተን በየሳምንቱ መሙላት እንዳለበት አምኗል።

መልስ 4። እዚህ ጋ ድምፁ ተለወጠ። አንድ ወጣት (ወጣት መሆኑን ራሱ ነው የነገረን) ትምባሆ የሚያሳምር ክር ለምን ይፈቀዳል ብሎ ተቆጣ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011ን ጠቀሰ፤ በማንኛውም ዝግ የሕዝብና የሥራ ቦታ ማጨስ እንደተከለከለ፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰውም መሸጥ እንደማይቻል። ሁሉም ልክ ነው። ለምክር ሌላ ክር ብዬ ነበር፣ አልሰማኝም፤ ግን ስለ 21 ዓመቱ ያለው እዚህ መኖሩ አልከፋኝም።

መልስ 5 የመድረኩ ጠባቂ ነው፤ ለሁለታችንም እኩል ተቆጥቶ ሄደ። መልስ 6 ደግሞ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ዐፄ ዮሐንስ ቢኖሩ ሁላችንም አለቀልን ነበር ይላል። ንጉሡ ትምባሆን በብርቱ ቅጣት መከልከላቸው እርግጥ ነው። ከዚያ ሦስት ሰዎች ስለ ቅጣቱ ዝርዝር ሲጨቃጨቁ ፒፓው ተረሳ።

መልስ 7። ክሩን ያዳነችው ይህች ናት። አያቷ ጋያ ይጠጡ እንደነበር ጻፈች፤ “ይጠጡ” ነው ቃሉ፣ በቤታቸው ትምባሆ ይጨሳል የሚል አልነበረም። ጋያው ከታች የቅል ነው፣ ውሃ ይያዝበታል፤ ከላይ የሸክላ ራስ አለው። ለመለኮስ ክብሪት የሚባል ነገር አይነካም። አያትየው ከምድጃው ዳር በባዶ ጣት አንዲት ፍም ያነሳሉ፤ ከቀኝ መዳፍ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሁለቴ ወርወር ያደርጓታል፣ አመዷን እፍ ብለው ያረግፉና ትምባሆው አናት ላይ ያስቀምጧታል። ልጅቷ በልጅነቷ ያን ስታይ የአያቷ እጅ ከቆዳ የተሠራ አይመስላትም ነበር። የክብሪት ቀፎ ቤት ውስጥ አለ፤ ግን ከቆጥ ላይ በጨርቅ ተጠቅልሎ ለክፉ ቀን ነው። እሳቱ ማታ አመድ ለብሶ ያድራል። ከጠፋ ልጅ ገል ይዞ ጎረቤት እሳት ሊጭር ይላካል። ክብሪትንም የምንጭረው፣ እሳትንም ከጎረቤት የምንጭረው ለምንድን ነው ብላ ጠይቃለች። ቆንጆ ጥያቄ ነበረ፤ መልስ የሰጣት የለም።

መልስ 8። ፍም ለፒፓም ይሠራል አለ አንዱ፤ በቡና ሰዓት ከከሰሉ ላይ ትንሽ ፍም በጉጠት አንስቶ ለኩሷል። እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። የክብሪት ራስ ላይ ያለው ፎስፈረስ መርዝ ስለሆነ ፍም ለጤና ይሻላል ብሎ ጨመረበት። ትምባሆ እያጨሱ ስለ ክብሪት ጤንነት መጨነቅ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው።

መልስ 9። የኬሚስትሪ መምህር ናቸው፤ ስምንተኛውን ለማረም ገብተው አንድ ክፍለ ጊዜ አስተማሩን። በዛሬው ክብሪት ራስ ላይ ፎስፈረስ የለም፣ ያለው ፖታሲየም ክሎሬትና ድኝ ነው። ፎስፈረሱ ቀዩ ዓይነት ሲሆን ከቀፎው ጎን፣ መጫሪያው ላይ ነው የተቀባው። ሁለቱ ሲፋተጉ ብቻ ነው እሳት የሚነሳው፤ ክብሪቱን ግድግዳ ላይ ብትጭሩት የማይበራው ለዚህ ነው። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1844 የፈለሰፈው ስዊድናዊው ጉስታፍ ኤሪክ ፓሽ ነው፤ ገበያ ያወጡት የዮንሾፒንግ ከተማዎቹ የሉንድስትረም ወንድማማቾች ናቸው፣ በ1855 የፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርዒት ላይም አሳዩት። ከዚያ በፊት እንግሊዛዊው ጆን ዎከር ከ1827 ጀምሮ የሚጫር ክብሪት ሸጧል። መርዛሙ ነጭ ፎስፈረስ የመጣው ከእሱ በኋላ ነው፤ የፋብሪካ ሠራተኞችን የመንጋጋ አጥንት ያበሰብስ ነበር። በ1888 የለንደን የክብሪት ፋብሪካ ሴቶች ሥራ ያቆሙት ከደመወዝና ከቅጣት ጋር ይህም ስላስመረራቸው ነው። በ1906 በስዊዘርላንዷ በርን ላይ በተፈረመ ስምምነት ነጩ ፎስፈረስ እየተከለከለ ሄደ። መጨረሻ ላይ፣ “ክብሪት” የሚለው ስም ራሱ በዓረብኛ ድኝ ማለት ነው ብለው ቾካቸውን አስቀመጡ።

እኔ ወድጄላቸዋለሁ። መልስ 10 ግን አልወደደም፤ ስለ ፒፓ ጠይቀን ማትሪክ ተፈተንን ብሎ አሾፈባቸው። መምህሩ ተቀይመው ከአራት ቀን በኋላ ነው የተመለሱት።

መልስ 11። ለኮራው ላይተሬ መፍትሔ ይዞ የመጣው ዴንቨር የሚኖር ታክሲ ነጂ ነው። ዴንቨር ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ እዚያም ጀት ላይተር ያስቸግራል፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። ተራ ላይተር ጋዙን ይለቃል፣ አየሩን እሳቱ ራሱ ከዙሪያው ያገኛል። ጀት ግን ከመንደዱ በፊት ጋዙን ከአየር ጋር ውስጥ ውስጡን መቀላቀል አለበት፤ አየሩ ሲሳሳ ቅልቅሉ ይዛባና ብልጭታው አያስነሳውም። ሰዎች የሚሠሩት ስህተት አልበራ ሲል ጋዙን መጨመር ነው፤ መቀነስ ነው ያለብህ አለኝ። መጀመሪያ ግን ላይተሩን ዘቅዝቀህ የሚሞላበትን ቀዳዳ በቀጭን ካቻቪቴ ተጫን፤ የተጠራቀመው አየርና የቀረው ጋዝ ፉት ብሎ ይውጣ። ከዚያ እንደተዘቀዘቀ ሙላው፣ ጥቂት ደቂቃ አቆየው፣ ከሥሩ ያለችውን ቡሎን ወደ መቀነሻው አዙር።

ያለውን አደረግኩ። በረንዳ ላይ፣ እንደተባለው ከእሳት ርቄ። ፉት የሚለው ጋዝ ጣቴን አደነዘዘው፤ ቡታን እንዲህ እንደሚበርድ አላውቅም ነበር። ቡሎኗን ወደ ግራ ግማሽ ዙር። ከአምስት ሦስቴ በራ! ለዴንቨሩ ሰው ምስጋናዬ ይድረሰው። በብርድ ደግሞ ሌላ ጣጣ እንዳለ ነግሮኛል። ቡታን ቅዝቃዜው ከዜሮ ዲግሪ ትንሽ ዝቅ ሲል ከፈሳሽነት አይነሳም፤ እሱ በክረምት ላይተሩን በውስጥ ኪሱ ነው የሚይዘው። ይህ የእኛ ችግር አይደለም።

መልስ 12። አንዲት ንቁ አንባቢ ጀት ላይተር አውሮፕላን ውስጥ ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ የእኔው በምን ገባ ብላ ያዘችኝ። ከፋብሪካው እንደታሸገ፣ ጋዝ ሳይሞላ ነው የመጣው፤ ጋዙን እዚህ ገዝቼ ነው የሞላሁት። ጋዝ የነበረውን የራሱን ጀት ወንድሜ መሄጃው ላይ ፍተሻ ቦታ ተቀምቷል፤ እስከ ዛሬ ያወራዋል።

መልስ 13። ሲጋር የሚያጨስ ሰው በመጨረሻ ተገኘ። ለሲጋር ጀት አይጠላም አለ፣ ግን በርቀት። የሲጋር ውፍረት የሚለካው በኢንች 64ኛ ነው፤ ባለ 50 ቁጥሩ ወርዱ ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ነው። ይህን ያህል ፊት በአንዲት የሱቅ ክብሪት እኩል ማቃጠል አይቻልም፤ ግማሹ ሳይያያዝ ጣትህ ጋ ትደርሳለች። ስለዚህ ወይ ረጅም ክብሪት፣ ወይ ሁለት ተራ ክብሪት አንድ ላይ። መጀመሪያ ሳይጎርሱት ጫፉን ከእሳቱ በላይ ይዞ እያዞሩ ማሞቅ፣ ዳር ዳሩ ነጣ ሲል መጉረስና እሳቱን ሳያስነኩ መሳብ። እሱ ግን ከሁሉም የሚወደው ሌላ ነው። ከሲጋሩ ሳጥን ውስጥ በሲጋሮቹ መሐል የምትነጠፈውን ሴዳር የሚባል እንጨት ስስ ልጣጭ በእርሳስ ውፍረት ሰንጥቆ በክብሪት ያያይዛታል፤ በእሷ ይለኩሳል። እሳቷ ለስላሳ፣ ሽታዋም ከሲጋሩ ጋር የተዋወቀ ነው።

መልስ 14። ይሄማ ችቦ ነው አለ አንዱ፣ በመስቀል የለመድነው። ጥሩ ቀልድ ነበር። ግን ቀጠለና ሴዳር ማለት የእኛው ጥድ ስለሆነ ከአጥር እንጨት ሰንጥቆ መጠቀም ይቻላል አለ።

መልስ 15 ጨከነበት። የሲጋር ሳጥን ሴዳር ስሙ ነው እንጂ ሴዳር አይደለም፤ የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ ዛፍ ነው፣ ወገኑም የማሆጋኒ ነው። ጥድ ደግሞ ዘይታም ነው፣ ጭሱ ይከረፍፋል፤ በጥድ የተለኮሰ ሲጋር የቤተክርስቲያን አጥር ሲቃጠል ይሸታል ብሎ ደመደመ። አሥራ አራተኛው በበኩሉ ሲጋር ዓይተህ ታውቃለህ ወይ አለው። ከተሰረዙት ስድቦች አንዱ እዚህ ነበር። እውነቱ ከ15ኛው ጋር ነው፤ አነጋገሩ ግን አልነበረም የሚያስፈልገው።

መልስ 16። የእንጨት ነገር ከተነሳ አይቀር ብሎ አንድ የደን ባለሙያ ክሩን ወደ ተራራ ወሰደው። ፒፓ የሚሠራበት ብራየር የሚባለው እንጨት በሜዲትራኒያን ዙሪያ የሚበቅለው የኤሪካ አርቦሪያ የሥር እብጠት ነው፤ በፈረንሳይ ሴንት ክሎድ የምትባል ከተማ በእሱ ነው የታወቀችው። ይኸው ዛፍ እኛ አገር ስሜንና ባሌ ላይ አለ። ስሙም አስታ ነው! ስሜን የወጣ ሁሉ ጢም በሚመስል ተንጠልጣይ የዛፍ ሽበት ተሸፍኖ አይቶታል። ይህን ሳነብ የአባቴን ፒፓ አንስቼ ገለበጥኳት። ሃምሳ ዓመት አስታ ይዘን አላወቅንም።

መልስ 17 ታዲያ ባሌ ሄዶ ሥሩን ቆፍሮ ፒፓ መሥራት አይቻልም ወይ አለ፤ ፋብሪካም አሰበ። መልስ 18 ፓርክ ውስጥ ዶማ ይዞ የሚገባ ሰው ፒፓውን እስር ቤት ያጨሳል ብሎ መለሰለት። የደን ባለሙያው መሐል ገብቶ እንጨቱ ተቆርጦ ወዲያው እንደማይሠራ፣ ለሰዓታት ተቀቅሎ ከዚያ ለወራት መድረቅ እንዳለበት ሲያስረዳ ሁለቱም በረዱ።

መልስ 19። የመጀመሪያው አዛውንት ተመልሰው ስለ ጠባሳዋ ነገሩኝ። ጥላሸት ብቻ ከሆነ እርጥብ ጨርቅ ቀስ በቀስ ያነሳዋል። እንጨቱ ራሱ ከከሰለ ግን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ አፉን ዝቅ ከማድረግ በቀር መፍትሔ የለውም፤ እሳቸው ቢሆኑ አይነኩትም። በጥፍሬ ሞከርኩት፤ ጥፍሬ ገባ አለ። ከስሏል።

መልስ 20። መርካቶ አካባቢ የሚሠራ ልጅ ጀቱን በስንት እንደምሸጠው ጠየቀ። አይሸጥም። ባለቤቴ ከአምስት ሦስቴ መብራቱን ባየች ቀን ወስዳው ረከቦቱ ሥር አስቀምጣዋለች፤ ከሰሉን ያለ ወረቀትና ያለ ማራገቢያ በአንድ ደቂቃ ታያይዝበታለች። እኔ ከሱቅ ሦስት ቀፎ ክብሪት ገዝቻለሁ። ዛሬ ማታ ሁለት ጫርኩ፣ አንዱ ተሰበረ፣ ሦስተኛ ጫርኩ። የተቃጠሉትን ስንጥሮች የት እንደምጥላቸው ስፈልግ ቆርቆሮ አነሳሁ።